ዊልሄልም ሺምፐር፦ ከጋፋት የሄዱት ቅጠሎች

የደብረ ታቦር ልጅ ሁሉ ጋፋትን ያውቃል። ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኝ ጉብታ ሲሆን ስሙ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን አፄ ቴዎድሮስና ሴባስቶፖል ነው። እቶኑ፣ መድፉ፣ መድፉን የሠሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ ከዚያም ያን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ብረት በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ መጎተቱ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ነገር ግን በዚያው ጋፋት፣ በዚያው ዘመን፣ ከመድፍ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ ጀርመናዊ በየገደሉና በየወንዙ ዳር እየዞረ ቅጠልና አበባ ይቆርጣል፣ በወረቀት መካከል አስገብቶ ያደርቃል፣ ስሙንና ቦታውን ይጽፍበታል። ይህ ሰው ጆርጅ ዊልሄልም ሺምፐር ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ እሱ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነገር ታሪክ ሳይሆን ቢራቢሮ ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ለመስክ ትምህርት ወጥተን በደን ዳር ቢራቢሮዎችን ስንቆጥር ዋልን። ማታ ውጤታችንን ስናቀርብ መምህራችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ እንቁላሏን የጣለችው በየትኛው ተክል ላይ ነው? እኛም ቁጥቋጦ ላይ ነው አልን። ክፍሉ ሳቀ። እውነትም ቁጥቋጦ ማለት መልስ አይደለም። ቢራቢሮ ማር የምትቀስመው ካገኘችው አበባ ነው፤ ልጆቿን የምታሳድግበት ተክል ግን የተመረጠ ነው። ይህን ተክል በእኛ ትምህርት አስተናጋጅ ተክል እንለዋለን። እሱ ከሌለ አበባው ቢትረፈረፍ እንኳ ቢራቢሮዋ አትራባም። እንግዲህ የዚያን ተክል ስም ለማግኘት መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። ባገላበጥኩ ቁጥር ደግሞ በደጋ ተክሎች ስም ጀርባ አንድ ሰው ብቅ ይላል። ሺምፐር። በመጨረሻ ቢራቢሮዋን ትቼ ሰውየውን ማንበብ ያዝኩ ማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሺምፐር የተወለደው በ1804 በደቡብ ጀርመን፣ በኑረምበርግ ከተማ አቅራቢያ ነው። ቤተሰቡ የሳይንስ ዘር ያለበት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ ሺምፐር ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት ያጠና ሲሆን የበረዶ ዘመን የሚለውን ቃል ያወጣውም እሱ ነው። የአጎቱ ልጅ በሽበት ጥናት የታወቀ ነበር፤ የዚህ የአጎት ልጅ ልጅ ደግሞ ሁላችንም በአንደኛ ዓመት የተማርነውን ክሎሮፕላስት የሚለውን ስም የሰጠ ነው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሺምፐሮች ይምታታሉ፤ የእኛው ሺምፐር ከሁሉም ይልቅ ትምህርቱ የተቆራረጠ ነበር። ወጣት ሳለ ወታደር ሆኖ አገልግሏል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሙኒክ ሄዶ የተፈጥሮ ሳይንስ የቀሰመው። ወንድሙ በሐሳብ ሲታወቅ እሱ የታወቀው በእግሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ዘመን ኤስሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ሽቶይደልና ሆክሽቴተር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ያቋቋሙት የጉዞ ማኅበር ነበር። አሠራሩ ብልህነት አለበት። አባላቱ አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ማኅበሩ በገንዘቡ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይልካል፤ ሰብሳቢው ከአንድ ተክል አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን ብዙ ቅርንጫፍ ቆርጦ ያደርቃል፤ ሲመለስ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ይከፋፈላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ልቅምት በብዙ ከተሞች ይበተናል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሺምፐር በዚህ ማኅበር ስም በ1831 ወደ አልጄሪያ፣ ከዚያም ወደ ግብጽ፣ ሲናና ሂጃዝ ተጓዘ። አብሮት የተላከው ዊስት የሚባል ሐኪም በግብጽ በወረርሽኝ ሞተ። ሺምፐር ግን ብቻውን ቀጠለ። በ1837 በምጽዋ በኩል አድዋ ገባ። ሲመጣ ጥቂት ዓመት ሰብስቦ ሊመለስ ነበር። እንደመጣ ቀረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት 41 ዓመት ኢትዮጵያ አገሩ ሆነች።

በዚያን ጊዜ ትግራይንና ሰሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ሺምፐር በእሳቸው ጥላ ሥር ሆኖ መጀመሪያ የአድዋን አካባቢ፣ ቀጥሎ የሰሜንን ተራሮች አሰሰ። ከእንጨት ቃብና ከቧሂት ተራራ የላካቸው ናሙናዎች አውሮፓ ሲደርሱ የዕፅዋት ሊቃውንቱ ሥራ በዛባቸው። ሆክሽቴተር ስም ሲያወጣ፣ ፓሪስ የነበረው አሺል ሪሻር ደግሞ የሐበሻን ዕፅዋት የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ ከ1847 እስከ 1851 አሳተመ። የእኛ ጽድ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ፣ ጉና ጫፍ ላይ ብርዱን ተቋቁሞ የሚቆመው ጅብራ ሎቤሊያ ራይንኮፔታለም የተባሉት በእነዚህ ልቅምቶች ነው። አንዳንዱ ተክል በስሙ ላይ አድዋን፣ አንዳንዱ ሰሜንን፣ አንዳንዱ ራሱን ሺምፐርን ተሸክሟል። ሰሳ አልቢዚያ ሺምፐሪያና ይባላል። ከማገጥ ዓይነቶች አንዱ ትሪፎሊየም ሺምፐሪ ነው። ዝርዝሩን ብቀጥል ገጹ አይበቃም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር እወዳለሁ። ሺምፐር ወረቀቶቹ ላይ የተክሉን የአገር ስምና ጥቅም ይጽፍ ነበር። ለኮሶ በሽታ የሚጠጣው የትኛው ነው፣ ለከብት የማይሆነው የትኛው ነው፣ ይህን ሁሉ ከሕዝቡ ጠይቆ መዝግቧል። ታዲያ ስሙን የነገሩት እነማን ናቸው? እረኛ ይሁን መድኃኒት አዋቂ፣ ሴት ይሁን ወንድ፣ በተክሎቹ ስም ውስጥ አልገቡም። ሺምፐርን ማመስገን ተገቢ ቢሆንም ዕውቀቱ ግማሹ የአገሬው ሰው እንደነበረ ማስታወስም ተገቢ ይመስለኛል።

የጉዞ ማኅበሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ገንዘብም አስተማማኝ አልነበረም። ሺምፐር በዚህ መሐል ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወልዷል፣ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖትም ገብቷል። ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን ወረዳ እንዲገዛ ሾሙት። ዕፅዋት ሰብሳቢው የአገር ገዥ ሆነ ማለት ነው! ስለ አስተዳደሩ ብዙ ማለት አልችልም፤ ቅጠል መሰብሰቡን ግን እንዳላቆመ ናሙናዎቹ ይመሰክራሉ። ይህ ምቾት የቆየው እስከ 1855 ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ካሳ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደራስጌ ላይ ድል አደረጉና ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጌታው ሲወድቅ የሺምፐር ሹመትም አብሮ ወደቀ፤ ሀብቱም ሄደ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1863 የተለቀሙት ናሙናዎች ላይ ያሉት ቦታዎች ጋፋትና ደብረ ታቦር ናቸው። ሺምፐር በጋፋት ከነበሩት አውሮፓውያን መካከል ሆኖ ኖረ። የቀድሞ ጓደኛው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርም በአፄ ቴዎድሮስ አገልግሎት ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ብረት ሲያቀልጡ እሱ የበጌምድርን ደጋ ዕፅዋት ይለቅማል። ከፍታውን በጫማ ልኬት ይጽፋል፤ የደብረ ታቦር አካባቢ በዛሬው አቆጣጠር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ስለሚሆን ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ ሺህ ጫማ የተጠጋ ነው።

የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይገባዋል። እኛ በሐምሌ ወር ሃያ የማይሞሉ ቅጠሎችን በጋዜጣ መካከል አስገብተን በአልጋ ሥር አስቀምጠን ነበር። በአምስተኛው ቀን ስንከፍተው ሻግቷል፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ወረቀቱ በየቀኑ መቀየር አለበት፣ እርጥቡም በእሳት ዳር ወይም በፀሐይ መድረቅ አለበት። ሺምፐር ይህን ያደረገው ወረቀት ከምጽዋ በበቅሎ ጀርባ በሚመጣበት ዘመን፣ ንጉሡ ዛሬ የሚደሰቱበት ነገ የሚቆጡበት ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለቢራቢሮ ምን ይጠቅማል? ሁለት ተክሎችን ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው ሳማ ነው። በልጅነቱ ሳማ ያልለበለበው የደጋ ሰው አለ ብዬ አላምንም። በጾም ወቅት ደግሞ ቀቅለን እንበላዋለን። በሳይንስ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ሲሆን ሲሜንሲስ ማለት የሰሜኑ ማለት ነው፤ ስሙ ከሺምፐር የሰሜን ልቅምት ጋር የተያያዘ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል ተክል ነው። የሳማን ቤተሰብ የሚመገቡ ቢራቢሮዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ከነሱ አንዷ በአገራችን ስም የተጠራች ናት፦ ቫኔሳ አቢሲኒካ። ስሟን ያወጡላት ፌልደር የሚባሉ ኦስትሪያውያን አባትና ልጅ ናቸው፤ ዓመቱም 1867 ነው። ለእኛ ይህ ዓመት ሌላ ትዝታ አለው፣ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

የዚህ ወገን ቢራቢሮዎች አረባብ የሚያስደንቅ ነው። እናቲቱ በሳማው ላይ ዝቅ ብላ ትበራለች፣ ታርፋለች፣ በእግሯ ቅጠሉን ትነካለች። በእግሯ ላይ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት የቅጠሉን ኬሚካል ይቀምሳሉ፤ ስለዚህ ቢራቢሮ በእግሯ ትቀምሳለች ብንል ቀልድ አይደለም። ከተስማማት አንድ እንቁላል ትጥልና ወደ ሌላው ትሄዳለች። ትሏ ስትፈለፈል ቅጠሉን በሐር ክር አጥፋ እንደ ድንኳን ትሠራለች፣ ውስጡ ተቀምጣ ትበላለች። ለስላሳ ለጋ ቅጠል ምግብነቱ ከደረቀው ይበልጣል። ጥላ ሥር ያለው ሳማና ፀሐይ የሚያገኘው ሳማ ለሰው አንድ ነው፣ ለእሷ ግን አንድ አይደለም። ሰው ሳማን እንደ አረም ያየዋል፤ ግቢ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚታጨደው እሱ ነው።

ሁለተኛው ልምጭ ነው። ጥርሳችንን የምንፍቅበት፣ ቅጠሉን ሲያሹት ጠንካራ ሽታ ያለው ቁጥቋጦ ማለት ነው። ክላውሴና አኒሳታ የሚለው የሳይንስ ስሙ እንኳ የወጣው በሺምፐር ናሙና አይደለም። ልምጭ የሎሚ ቤተሰብ ስለሆነ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የምትባለው ትልቅ ባለጭራ ቢራቢሮ እንቁላሏን ትጥልበታለች። ይህች ቢራቢሮ በመላው አፍሪካ ደኖች አለች። በአብዛኛው አፍሪካ ሴቷ ጭራ የላትም፤ መልኳም ከወንዱ ፈጽሞ ተለይቶ ወፍ የማይበላቸውን መራራ ቢራቢሮዎች ይመስላል። የኢትዮጵያዋ ግን ልዩ ናት። አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫና ጥቁር ሆነው ባለጭራ ናቸው፤ ሌላ መልክ የሚያስመስሉትም ቢሆኑ ጭራቸውን አልጣሉም። የዘር ሐረግ ሊቃውንት የማስመሰል ባሕርይ እንዴት እንደመጣ ሲከራከሩ ሁልጊዜ ወደ እኛዋ ቢራቢሮ የሚመለሱት ለዚህ ነው። አንቲኖሪ የሚል ተጨማሪ ስም አላት፤ ይህም አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ አቋቁሞ በዚያው በ1882 የሞተው የጣሊያኑ ተጓዥ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው። ስሙን የሰጠው ፈረንሳዊው ኦበርቲዩር በ1883 ነበር።

የዚህች ቢራቢሮ ትል በመጀመሪያ ቀናቷ የወፍ ኩስ ትመስላለች። ወፍ የራሱን ኩስ አይበላማ! ስታድግ አረንጓዴ ትሆንና ከቅጠሉ ጋር ትመሳሰላለች፤ ከተነካች ከአንገቷ ላይ እንደ ቀንድ ሹካ የመሰለ ነገር ብቅ አድርጋ መጥፎ ሽታ ትለቃለች። ሽታው ጠላትን ያባርራል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ድራማ የሚካሄደው በአንድ የመፋቂያ ቁጥቋጦ ላይ ነው። ቁጥቋጦው ከተመነጠረ ድራማው ያበቃል።

ሆኖም የተክሉን ስም ማወቅ ብቻውን በቂ ነው ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ትልቋ ሰማያዊ የምትባል ቢራቢሮ ነበረች። ጦስኝ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ የእኛም ደጋ ጦስኝ አለው። ሰዎች ጦስኙን እየጠበቁ፣ ቦታውን እያጠሩ፣ ቢራቢሮዋ ግን እያለቀች ሄደች፤ በ1979 ከእንግሊዝ ጠፋች። ለካ ትሏ ከጦስኙ ላይ ጥቂት ቀን ከተመገበች በኋላ አንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን ወደ ጎጆው ይወስዳትና እዚያ የጉንዳኑን ልጆች እየበላች ታድጋለች። ጉንዳኑ የሚኖረው ሣሩ አጭር ሆኖ መሬቱ ሲሞቅ ብቻ ነው። ቦታው ታጥሮ ከብት ሲከለከል ሣሩ ረዘመ፣ መሬቱ ቀዘቀዘ፣ ጉንዳኑ ሄደ። ጀረሚ ቶማስ የሚባል ተመራማሪ ይህን አጥንቶ ሲደርስበት ረፍዶ ነበር። በኋላ ግጦሹ ተስተካክሎ፣ ከስዊድን ትሎች መጥተው፣ ቢራቢሮዋ በ1980ዎቹ እንደገና ሰፈረች። ከብት አንዱን ቦታ ያጠፋል፣ ሌላውን ያድናል።

የሺምፐር ናሙናዎችም በዚህ በኩል ጉድለት አላቸው። ተክሉን ይነግሩናል፤ ተክሉን ማን ይበላው እንደነበር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግሩንም። ሰብሳቢ ደግሞ ንጹሕ ቅጠል ይመርጣል፤ ትል የነከሰውን ይተወዋል። እንዲያም ሆኖ በአሁኑ ጊዜ በተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎች በጥንት የደረቁ ቅጠሎች ላይ ያለውን የነፍሳት ንክሻ እየለኩ ያለፈውን ዘመን ከዛሬው ያወዳድራሉ። ሰብሳቢው ሳያስበው የተወው ቀዳዳ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። 1867 ለደብረ ታቦር የመከራ ዓመት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አገሩ እየከዳቸው፣ ጦራቸው እየተበተነ ሲሄድ በጥቅምት ወር ከተማይቱን አቃጥለው፣ አውሮፓውያኑንና መድፎቹን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ቫኔሳ አቢሲኒካ በቪየና ስም ስታገኝ፣ ከሚያሳድጓት ተክሎች ብዙዎቹን የሰበሰበው ሰው ከነቤተሰቡ በዚህ ጉዞ ውስጥ ነበር። መንገዱ ለመድፉ እየተጠረገ ስለሆነ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሰዉ፤ ሺምፐርም ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር ነፃ ወጣ።

ዕድሜው 63 ነበር። ከነፃ የወጡት ብዙዎቹ በመጡበት ጦር ታጅበው ከአገር ሲወጡ እሱ ወደ አድዋ ተመለሰ። ለምን? ጀርመን ለእሱ ከ30 ዓመት በፊት የተዋት አገር ናት፤ ቤቱ፣ ትዳሩና ተክሎቹ እዚህ ናቸው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ሌላ ምክንያት አይታየኝም። ድህነት ሳይለቀው አሥር ዓመት ያህል ኖሮ በ1878 በጥቅምት ወር አድዋ ላይ አረፈ።

ቅጠሎቹ ግን ከእሱ የረዘመ ዕድሜ፣ የራሳቸውም መከራ ነበራቸው። ከ1863 እስከ 1868 የሰበሰባቸው፣ ማለትም የጋፋትና የደብረ ታቦሮቹ ያሉበት ስብስብ፣ በርሊን ደረሰ። እዚያ ዊልሄልም ቫትከ የሚባል ሊቅ በ1870ዎቹ ዓመታት ተራ በተራ መርምሮ አሳተማቸው። አዲስ ዝርያ ሲገኝ ስሙ የወጣበት ወረቀት እንደ ዋና ምስክር ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ ሲጠራጠር ወደዚያ ወረቀት ነው የሚመለሰው። ማርች 1 ቀን 1943 ሌሊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ድብደባ የበርሊን የዕፅዋት ቤተ መዘክር ተቃጠለ። አብዛኛው ስብስብ አመድ ሆነ። ደብረ ታቦር በ1867 ተቃጠለች፤ ከደብረ ታቦር የሄዱትም ቅጠሎች በርሊን ላይ ተቃጠሉ።

እዚህ ላይ ነው ያ የኤስሊንገን ልማድ የጠቀመው። ሺምፐር ከማኅበሩ የተማረውን አልተወም ነበር፤ ከአንድ ተክል ብዙ ቅርንጫፍ ያደርቃል። ስለዚህ በርሊን የነበረው ቢቃጠልም ወንድሙ ለንደን ኪው፣ ፓሪስና ሌሎች ከተሞች ይገኛል። እንቁላሏን ሁሉ አንድ ቅጠል ላይ እንደማትጥለው ቢራቢሮ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የሚለውን፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስና ሰብስቤ ደምሰው ከሌሎች ጋር ሆነው ያዘጋጁትንና በ2009 የተጠናቀቀውን ትልቅ ሥራ የገለጠ ሰው ሺምፐር የሚለውን ስም በየገጹ ያገኘዋል። እኔ ቁጥቋጦ ያልኩት ነገር ስም ያገኘው በዚህ ረጅም መንገድ ነው።

ዛሬ ያ ሰው የዞረበት አገር ተለውጧል። ሜዳው ታርሷል፣ ኮረብታው ባሕር ዛፍ ለብሷል። የድሮው ደን የቀረው እንደ ዓለም ሳጋ ባሉ ጥቂት ቦታዎችና በይበልጥ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨትነት ባሕርይ ያላቸው የዕፅዋት ዝርያዎች መዝግበዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 100 ዛፎች፣ 51 ቁጥቋጦዎች፣ ቀሪዎቹ ሐረጎች ናቸው። አንባቢ እነዚያን 51 ቁጥቋጦዎች ልብ ይበልልኝ። ሰው ደን ይጠበቅ ሲል የሚያስበው ጽዱን፣ ወይራውንና ኮሶውን ነው። ከሥሩ ያለው ግን ለግቢ ጽዳት ይመነጠራል፣ ለመፋቂያና ለማገዶ ይቆረጣል፣ ከብት ይረግጠዋል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ቢራቢሮዋ ልትጠፋ ትችላለች። በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ ምእመናኑ የድንጋይ አጥር መሥራታቸው ከብቱን ይከለክላል፤ ጥሩ ነው። አጥሩ ውስጥ የሚቀረውን ቁጥቋጦ ማን ይጠብቀው የሚለው ግን ከቀሳውስቱና ከአካባቢው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን ይጠይቃል።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጋፋት ወጣን። የፈረሰ የድንጋይ ካብ ሥር ሳማ በቅሎ አገኘን፤ ፀሐይ የሚያገኘው በኩል ለጋ ነው፣ በሌላው በኩል ጠንክሯል። ጥቂት ቅጠሎች ታጥፈው በክር ተሰፍተው ነበር። ጓደኛዬ አንዱን በእንጨት ገለጥ ሲያደርገው ውስጡ ጥቁር እሾሃማ ትል ተጠቅልላ ተኝታለች። በደብተራችን እንደ ሺምፐር ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውንና የአገሩን ስም ጻፍን። ከዚያ እሱ ያልነበረውን አንድ ረድፍ ጨመርን፦ ከጫፍ ስንተኛው ቅጠል ላይ እንደሆነች፣ ቅጠሉም ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ። ሦስተኛው ቅጠል ላይ ነበረች፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል። ቅጠሉን መልሰን አጠፍነውና ወረድን፤ እጃችን ግን እስከ ማታ ሲለበልበን ነበር።